አፌ በእንግሊዝኛ አልፈታ አለ፦ አንድ ጥያቄና 24 መልሶች

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነው። እንግሊዝኛን 12 ዓመት ትምህርት ቤት፣ 3 ዓመት ደግሞ ኮሌጅ ተምሬያለሁ። ኢሜይል እጽፋለሁ። ውል አንብቤ እረዳለሁ። አፌ ግን አይፈታም። በዚያ ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ከውጭ ዕቃ አቅራቢዎች ጋር በኮምፒውተር ስብሰባ ነበረው። የጭነት ሰነዱ ለምን እንደዘገየ የተጠየቅኩት እኔ ነበርኩ። መልሱን አውቀዋለሁ። ከአንድ ቀን በፊት በራሴ እጅ ጽፌ ልኬላቸዋለሁ። ከአፌ የወጣው ግን የስ፣ የስ ብቻ ሆነ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ቀበል አድርጎ መለሰላቸው። ያወራውን ሁሉ ያነበበው ከእኔው ኢሜይል ላይ ነው።

መድረኩ ላይ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ማንበብና መጻፍ እየቻላችሁ መናገር እንቢ ብሏችሁ የነበራችሁ ሰዎች፣ አፋችሁ የተፈታው በምንድን ነው? የመጽሐፍ ወይም የአፕ ስም አልጠየቅኩም። ያደረጋችሁትን ብቻ ንገሩኝ አልኩ። በአራት ቀን 24 መልስ መጣ። የመልሶቹ ክር ስለረዘመ ብዙ ሰው ጠቅለል አድርጊልን ብሎኛል። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ያሉትን በራሴ አንደበት ላውራችሁ።

1ኛው መልስ አጭር ነው። ፊልም ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያለው እንዳይ መከረኝ። 2ኛው ተስማማና ከወር በኋላ ጽሑፉን አጥፊው አለ። 3ኛዋ ግን ሁለቱንም አረመቻቸው። ስድስት ዓመት ፊልም አይታለች፤ የማይገባት ነገር የለም፤ መናገር ግን አትችልም ነበር። ጆሮ የሚሰለጥነው በመስማት፣ አፍ የሚሰለጥነው በመናገር ነው የሚል ነው ክርክሯ። ሜሪል ስዌይን የተባለችውን የካናዳ ምሁርም ጠቀሰች። ስዌይን በፈረንሳይኛ የሚማሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናትን አጥንታ ነበር። ልጆቹ ለዓመታት በቋንቋው ተከበው ሲማሩ መረዳታቸው ጥሩ ሆነ፤ ንግግራቸው ግን ወደኋላ ቀረ። ስለዚህ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ ተማሪ ራሱ እንዲናገርና እንዲጽፍ መገፋት አለበት የሚል ሐሳብ አቀረበች። እኔ ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። 15 ዓመት ሙሉ ማን ተናገሪ ብሎ ገፍቶኛል?

4ኛውን መልስ የጻፉት አንድ አባት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። 8ኛ ክፍል የነበሩት በ1964 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሰላም ጓድ የሚባሉት አሜሪካውያን ወጣቶች ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። የእሳቸው አስተማሪ አንድ ልማድ ነበረው። ምንባቡ ከተነበበ በኋላ መጽሐፉ ይዘጋል። ከዚያ ተማሪው ተነሥቶ ታሪኩን በራሱ ቃል ይናገራል። የተሳሳተ አይመታም፣ አይሰደብም። የሳቀ ካለ ግን ቀጥሎ የሚነሣው እሱ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚስቅ ጠፋ።

ማታ ማታ ደግሞ በአጭር ሞገድ የአሜሪካ ድምፅን ቀለል ያለ የእንግሊዝኛ ዝግጅት ይሰሙ ነበር። ዝግጅቱ የተጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ሲሆን ወደ 1500 በሚጠጉ ቃላት ብቻ፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ረጋ ተብሎ የሚነበብ ነበር። እሳቸው ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው ከአንባቢው ኋላ ኋላ ይደግሙ ነበር። እናታቸው ልጄ ለብቻው ያወራ ጀመር ብለው ጸበል ሊወስዷቸው ደርሰው እንደነበርም ጽፈዋል። ምክራቸው አንድ ናት። አንድ ታሪክ ለሦስት ምሽት ስሚ፣ ከዚያ ዘግተሽ ለራስሽ ተርኪ።

5ኛው አመሰገናቸው፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን ብሎ አለፈ። 6ኛው ግን ተናደደ። በእርግጥ ንዴቱ በእሳቸው ላይ አልነበረም። እሱ የፕላዝማ ትውልድ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ገብቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸው አስተማሪ በቴሌቪዥን ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው መልስ ሳይጀምር ራሱ ይመልስና ያልፋል። የክፍሉ መምህር ጥግ ይቆማል። እጅ አውጥቶ አልገባኝም የሚባለው ለማን ነው? የቴሌቪዥን መስታወትን ማስቆም አይቻልም። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት የቆየ ልጅ አፉ እንዴት ይፈታል ብሎ ጠየቀ። እኔም የዚያ ክፍል ልጅ ስለሆንኩ ይህ መልስ ልቤን ነካው። 7ኛው ደግሞ የእነሱ ትምህርት ቤት መብራት ሲጠፋ የተሻለ ይማሩ እንደነበር አስታወሰ። መብራት ሲጠፋ መምህሩ ራሱ ያስተምራልና።

ከዚህ በኋላ ክሩ ትንሽ ከመንገዱ ወጣ። 8ኛው ጥፋቱን ሁሉ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ላይ ጣለ። ልጆች አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ 7ኛ ላይ፣ ድንገት ወደ እንግሊዝኛ ይገባሉ፤ በቃ ይሰምጣሉ ነው የሚለው። 9ኛዋ አዳማ የምታስተምር የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ጠንከር አድርጋ መለሰችለት። በራሱ ቋንቋ አጥርቶ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውንም ቶሎ ይለምዳል፤ የሚሰምጠው በየትኛውም ሳያነብ የመጣው ነው አለች። ችግሩ አስተማሪው ራሱ የመናገር ልምምድ ሳያገኝ ክፍል መግባቱ እንደሆነ፣ ይህንንም ስለ ራሷ እያወራች መሆኑን ሳትደብቅ ጻፈች። እኔ የእሷን አምናለሁ።

እሷው ናት ወደ ጥያቄዬ የመለሰችን። ሰዋስውን ከአማርኛው ጋር አያይዛችሁ ካያችሁት ግማሹን ታውቁታላችሁ የሚል ነጥብ አነሣች። በላሁ እና በልቻለሁ እንላለን። የመጀመሪያው አይ ኤት፣ ሁለተኛው አይ ሃቭ ኢተን ነው። በልቼ ነበር ሲሆን ሃድ ይመጣል። ተማሪዎቿ ሃቭ ሲያስቸግራቸው መጀመሪያ በአማርኛ እንዲያስቡት ታደርጋለች።

10ኛው በትሕትና አረማት። እኛ ትናንት በልቻለሁ ማለት እንችላለን፤ ምንም አይጎረብጥም። እንግሊዝኛ ግን የስተርደይን ከሃቭ ጋር አያስቀምጥም። ጊዜው ተቆርጦ ከተነገረ ወደ በላሁ መመለስ የግድ ነው። መምህርቷ ወዲያው አመነች፤ በማግስቱ ለክፍሏ እንደምትነግርም ቃል ገባች። እዚያው ላይ ሰዓትንም አነሣች። አንድ የቀድሞ ተማሪዋ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በ2 ሰዓት ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፎለት፣ እንደ እኛ አቆጣጠር በጠዋቱ ሄዶ ስድስት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ጠብቋል። ይህ መልስ 11ኛ ተብሎ ተቆጥሯል።

12ኛው የስልክ ቁጥሩን ይዞ መጣ። በ3 ወር አቀላጥፋችሁ ትናገራላችሁ የሚል ኮርስ አለው። 13ኛው ወረደበት። የሰው ጭንቀት ገበያ አይደለም አለው። እንዲህ ያለ ኮርስ ሁለት ጊዜ ከፍሎ ተምሯል፤ ያተረፈው የሰዋስው ፎቶኮፒ ብቻ ነው። 14ኛው ባለኮርሱ ራሱ ነበር፤ ሰነፍ ተማሪ ጥፋቱን ለአስተማሪ ይሰጣል ብሎ መለሰ። ነገሩ ወደ ስድብ ሊሄድ ሲል 15ኛዋ መሀል ገባች።

የ15ኛዋን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሁለታችሁም ዋናውን ረስታችኋል አለች። አፋችንን የሚዘጋው ሰዋስው ሳይሆን የራሳችን ሰው ሳቅ ነው። እሷ ከፈረንጅ ጋር ስታወራ ቃል ይመጣላታል። አንድ ሐበሻ ክፍሉ ውስጥ ካለ ግን ትደነዝዛለች። ፈረንጁ የሚሰማው ሐሳቧን ነው፤ ሐበሻው የሚሰማው ስህተቷን ነው ብላ ትፈራለች። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ ቃል አሳስታ በማንበቧ ያ ቃል እስክትመረቅ ቅጽል ስሟ ሆኖ ነበር። እንደገና 4ኛው መልስ ላይ ያሉትን አባት ጠቀሰች። የእሳቸው አስተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ያጠፋው ሳቁን ነው፤ ዘዴው እዚያ ላይ ነው አለች። ስብሰባው ላይ እኔን የያዘኝም እሱ ነበር። የውጭዎቹን ሰዎች አልፈራሁም። የፈራሁት አጠገቤ የተቀመጡትን ነው።

16ኛው ነገሩን ወደ ተግባር መለሰው። ካርድና ሳጥን እንድጠቀም መከረ። ሰባስቲያን ላይትነር የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ በ1972 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ካርዱ ላይ ቃሉ ይጻፋል። ያወቅሽው ወደሚቀጥለው ሳጥን ይሻገራል፣ የሚታይበትም ጊዜ እየራቀ ይሄዳል። የረሳሽው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ግን ነጠላ ቃል እንዳልጽፍ አስጠነቀቀኝ። ቀጠሮ እኛ እንይዛለን፤ እነሱ ሜክ ይላሉ። ስለዚህ ካርዱ ላይ የሚገባው አፖይንትመንት የሚለው ቃል ብቻውን ሳይሆን ሜክ አን አፖይንትመንት የሚለው ሙሉ አነጋገር ነው።

17ኛው መልስ የዚህ ክር እምብርት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ። ጸሐፊው በልጅነቱ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበር። አሁን ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነው። የ16ኛው ሳጥን ለእሱ አዲስ አይደለም፤ የየኔታ ክለሳ ነው። ነገር ግን ሁላችንም የዘለልነው ሌላ ነገር አለ። ፊደል የቆጠረ ልጅ ገና አንባቢ አይባልም። መጀመሪያ ግዕዝ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ ይማራል። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ የሚባል የድምፅ አወጣጥ አለ። የሚወድቀውን ቃል ያነሣ ተማሪ እዚያው ላይ ይቆማል፤ እንደገና ከላይ ይጀምራል። መጽሐፉ ላይ ግን ምልክት የለም። የሚማረው መምህሩ ሲያነብ ሰምቶ፣ ያንኑ አወጣጥ በአፉ መልሶ ነው።

እንግሊዝኛም እንደዚያ ነው አለ። ፎቶግራፍ ሲባል የሚነሣው መጀመሪያው ነው። ፎቶግራፈር ሲሆን ግን መነሻው ወደ ሁለተኛው ይሸሻል፤ የፊተኛው ፎ ደክሞ ፈ ወደ መሆን ይጠጋል። እኛ እያንዳንዱን ክፍለ ቃል እኩል እንረግጠዋለን። የሰማን ሰው ቃሉን አጥቶ ፓርደን ይለናል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር እንዳልሆነም አሳየ። አለ የሚለው ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖር ነው። አጻጻፉ አንድ ነው። ማንም በሕግ አላስተማረንም፤ ጆሯችን ነው የሰጠን።

የሚያደርገው እንዲህ ነው። የአንድ ደቂቃ ንባብ ከስልኩ ይመርጣል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ያቆማል። ያንኑ አነሣስና አወዳደቅ ይዞ ጮክ ብሎ ይላል። የራሱን ድምፅ ይቀዳና ሁለቱን ጎን ለጎን ይሰማል። በዚያው በአንዷ ደቂቃ ላይ አሥር ቀን ይቆያል። ብዙ መስማት አይደለም፤ አንዷን መቀጸል ነው። ጣና ገዳማትንና ጢስ ዓባይን ለማየት የሚመጡ እንግዶች አሁን አንድ ጊዜ ነግሯቸው ይረዱታል።

18ኛዋ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው፤ አረጋውያንን ትንከባከባለች። ውጭ ሄዶ መኖር ብቻ ያስተምራል የሚል ሰው ካለ ይቅር አለች። ዋሽንግተን አካባቢ ከጠዋት እስከ ማታ በአማርኛ መዋል ይቻላል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ አለ። የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር ራሱ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ መሠረት ለአማርኛ ተናጋሪዎች ትርጉም ያቀርባል። መጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት አንድም አልተናገረችም። የተሻሻለችው ሥራዋ ከሽማግሌዎች ጋር ስላዋላት ነው። ሽማግሌ ጊዜ አለው፤ ቀስ ብሎ ያወራል፤ የነገረሽን መልሶ ይነግርሻል።

አንድ ገጠመኟንም ጻፈች። እናቷን ሐኪም ቤት ወስዳ ስታስረዳ ዘይ፣ ዘይ ትል ነበር። አንቱ የምትላትን እናት ሺ ማለት ከአፏ አልወጣ አለ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ስንት ሰው ነው የታመመው ብላ ጠየቀች። በእኛ ቋንቋ እሳቸውም መጡ፣ እነሱም መጡ ነው። አክብሮቱ ያለው ድምፅሽ ውስጥ ነው እንጂ ተውላጠ ስሙ ውስጥ አይደለም ብሎ ያጽናናት አንድ የምትንከባከበው ሽማግሌ ነው።

19ኛዋ እዚህ ላይ ተንደርድራ ስለ እናቷ የዜግነት ፈተና ጠየቀች። 20ኛው መለሰላት። ዕድሜ 50 ሆኖ በግሪን ካርድ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በአማርኛ መፈተን ይችላል። ከርዕሳችን ውጭ ቢሆንም ሦስት ሰው ስላመሰገነ አልተቆጣሁም። 21ኛው ግን ይህ የኢሚግሬሽን መድረክ አይደለም ብሎ ቆጣ አለ። ትንሽ አበዛው።

22ኛዋ ዱባይ የቤት ሠራተኛ ናት። 6ኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። ሰባት ዓመት ሆኗታል። እንግሊዝኛ ለመናገር አትፈራም፤ አፏ የተፈታው ኩሽና ውስጥ ነው። አንድ ቀን ግን የምታውቀውን ቃል ሁሉ ስትቆጥረው ትእዛዝ ብቻ ሆኖ አገኘችው። ብሪንግ፣ ክሊን፣ ኩዊክ፣ ዌይት። የእሷ ደግሞ የስ ማዳም እና ፊኒሽ። በሰባት ዓመት ውስጥ ጨረስሽ ወይ ከማለት በቀር የጠየቃት ሰው የለም። እሷም ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ስለዚህ ጥያቄ መሥራት አትችልም። ዱ እና ዲድ የት እንደሚገቡ የነገራት የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው። የ2ኛ ክፍል መጽሐፉን እሱ ያነባል፣ እሷ ትከተላለች። ሲስቅባት አይታ አታውቅም፤ ስትሳሳት መልሶ ያነብላታል።

ይህን ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። የምወርድበትን አለፍኩ።

23ኛው መልስ የእኔው ነው። የሞከርኩትን ነገርኳቸው። ያቺ ስብሰባ ላይ ያልወጣችውን ዓረፍተ ነገር መረጥኩ። ዘ ዶክዩመንት ወዝ ዲሌይድ። በስልኬ ቀድቼ ስሰማው ዶክዩሜንት እያልኩ መጨረሻውን ነው የምረግጠው። ከንባቡ ጋር ሳስተያየው ግን የሚነሣው ዶክ ነው፤ ቀሪው ይወድቃል። ዲሌይድ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ይነሣል። ዕቃ እያጠብኩ ከአርባ ጊዜ በላይ ብዬዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ስልክ ተደውሎ ስለዚያው ሰነድ ስጠየቅ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ተሰባብረዋል፤ ግን ሰውየው ገብቶታል። አጠገቤ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ጨረስኩ።

24ኛው እንደገና ከዱባይዋ እህት ነው። እሑድ ከሰዓት ዕረፍት አላት። እንድንደዋወል ጠየቀችኝ፤ ግን ጠያቂዋ እሷ፣ መላሿ እኔ እንድሆን ነው የፈለገችው። እሺ አልኳት። ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጥን፤ እሷ ስልክ ላይ 5 ይላል፣ እኔ ቆጠራ 10 ነው።

ደወለች። ትንሽ ዝም አለች፤ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ዲድን ከፊት አድርጋ፣ ቁርስ ምን እንደበላሁ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ፍርፍር በልቼ ነበር። ፍርፍር በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ስም አጣንለት። ሽንኩርቱን ከመክተፍ፣ ከበርበሬው፣ እንጀራውን ከመቁረስ ጀምረን አሠራሩን ተናገርነው። እሷ ቀጥሎስ እያለች ትጠይቃለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ቅቤው ጋ ስንደርስ 20 ደቂቃ ሆኖ ነበር።